ይሰማሻል?

ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፤
ለገሃር፣ የኢንሹራንሱ ሕንጻ፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል።
ሰው ሁሉ ለምሳ ወደ ታች ሲጎርፍ፣
እኔ ወደ ላይ፣ ብረቱን ይዤ፣ በጫማዬ ጫፍ፣
ከሰባተኛውና ከስምንተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃ
ላይ፣ ካርቶን አንጥፌ እቀመጣለሁ፤ የቆየ የሒሳብ ማስረጃ
የታሸገበት ካርቶን።
ከጆሮ ማዳመጫዬ ግራው ሞቷል፣ ቀኙ ይሠራል።
ካሜራውን አልከፍትም፤ ሳምራዊትም አታስገድደኝም፤
መልኳን አይቼው አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ሜክሲኮ ነው፣ ታክሲ ውስጥ።
ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል ልቤ መጠጊያ አጣ፤
አየሩ በመስኮት ወጣ፤
ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ላቤ በጀርባዬ ወረደ፣
«ወራጅ አለ!» ልል ስል፣ ድምፄ ራሱ ቀድሞኝ ወረደ።

ልብ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሽቦ በሽቦ አደረገኝና፣
«ልብሽ ከእኔ ልብ ይሻላል» አለኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ በምስጋና።
እህቴ ጠበል አለች። ሄድኩ፤ ውሃው በረደኝ፤ ደግ ነበር።
አለቃዬ ሦስት ፋይል ጨመረልኝ፣ «ይኸውልሽ የሚያስረሳ ነገር»።
ሽቦውን የፈታችልኝ ነርስ ነች፣ ደረሰኙ ጀርባ ላይ
የሳምራዊትን አድራሻ የጻፈችልኝ፤
«ቤትሽ ሆነሽ፣ በስልክ» ብላ።
ቤቴ? ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምልበት ቤት!

የመጀመሪያ ቀን «እንዴት ነሽ?» አለችኝ።
«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፤ ምላሴ ለምዶታል።
ዝም አለች።
ዝም አለች፣ ቆየች፤
«እሱ የመንገድ ነው» አለች፣
«አላፊ አግዳሚ የሚከፍለው የሰላምታ ግብር።
እኔ አላልፍም፤ እዚሁ ነኝ። ሌላው ደግሞ ይነገር።»

ነገርኳት። ካዛንቺስ ስለ ፈረሰው፣
በር ስለሌለው ቁልፍ፣ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ስላለው፣
ከከተማው ዳር፣ ሳይነጋ፣ ስለምሰለፈው፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጣሪያ ቆጥሬ ስለማድረው፣
ከዚያም ዋናው ላይ ስደርስ፣ ማንም ያልሰማው ላይ፣
ኔትወርኩ ሄደ።
ክቡ ዞረ፣ ዞረ፤ እኔም አብሬው ዞርኩ፤
ግማሽ ቃል አፌ ውስጥ ይዤ፣ ልዋጠው ልትፋው አጣሁ።

ከዚያ ድምጿ፣ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ፤
«ይሰማሻል? … ሄሎ? … ይሰማሻል?»

ስለ መስመሩ ነበር የጠየቀችኝ። አውቃለሁ።
ግን ቃሉ፣ ያ ሁለት ሆድ ያለው ቃል፣
በቀኝ ጆሮዬ ገብቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።
ያመኛል ብዬ ሐኪም አውቃለሁ፤
ይደክመኛል ብዬ አልጋ፤
ይሰማኛል ብዬ ግን ለማን?
«ይሰማኛል» አልኳት። «ይሰማኛል፣ ሳምራዊት!»
ልቅሶዬ ደረጃ በደረጃ ወረደ፣ እስከ ምድር ቤት።

ያኔ ነው ባልዲውን ያየሁት።
እትዬ አስካለ፣ የሕንጻው ጽዳት፣ ስድስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ
ባልዲዋን መሀል መንገድ ገትራ፣
መወልወያዋን እንደ ዘብ ተመርኩዛ፣
«እርጥብ ነው! ይጥላችኋል! በዚያ በኩል ዙሩ!» ትላለች።
ደረጃው ደረቅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው።

በስድስተኛው ማክሰኞ ጠበቀችኝ።
«ልጄ፣ ያቺ የምታወሪያት… ሰው ትመርጣለች?»
ስልኳ ባለቁልፍ ነው፣ በላስቲክ የታሰረ፤
አንድ ልጅ አላት፣ በባሕር ሄዶ ወሬው የቀረ።
ስትተኛ ደረቷ ላይ ሰው ይቀመጣል።
«ጨጓራ ነው» ይሏታል።
«ጨጓራስ» አለችኝ፣ «የልጅ ስም አይጠራም።»

አሁን ማክሰኞ የእኔ ነው፣ ሐሙስ የእሷ፤
በእኔ ስልክ፣ በእኔ ካርቶን።
እኔ ታች ባልዲው አጠገብ እቆማለሁ፣
ያላለቀ ፋይል በብብቴ ይዤ፤
«እርጥብ ነው!» እላለሁ።
ፍርሃቱ? አልሄደም። ትናንት ሜክሲኮ ላይ መጥቶ ነበር፤
አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሒሳቡን ከፈልኩለት፤
ቀድሜው ወረድኩ።

ከላይ መስመሩ ሲቆራረጥ፣ የእትዬ አስካለ ድምፅ ይመጣል፣
ወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ጮክ ብሎ፤
«አዎ! … አዎ፣ ልጄ! … ይሰማኛል!»